የባሻ ቡድን አንድ ዓመት ያረፈበት ምክንያት

ኳስና ድግስ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ በጣሊያን ጊዜ ልደታ ሰፈር አልኖረም ማለት ነው። ያኔ የልደታ ልጆች ቡድን ካሸነፈ በግ ይታረዳል። ከተሸነፈም ልጆቹ እንዳይከፋቸው ተብሎ በግ ይታረዳል። እኩል ለእኩል ከወጡ ደግሞ የተጋጣሚው ቡድን አብሮ ይጠራና ጠጁ በእጥፍ ይቀዳል። ይህን ወግ ያመጡት ባሻ ተክለጻድቅ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ልጅ ስላልወለዱ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ልጄ ይሉት ነበር፤ ልጆቹን ከጨርቅ ኳስ አላቅቀው እውነተኛ የቆዳ ኳስ የገዙላቸውም እርሳቸው ናቸው። ጠላት በገባ በሁለተኛው ዓመት ተስቦ ይዟቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑንም ድግሱንም ይዘው የቆዩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ናቸው።

በ1931 ዓ.ም. የግንቦት ልደታ በዋለ በማግስቱ ጠዋት፣ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲወጡ ከቅጽሩ በር ላይ ከፍሰሐ ጋር ተገጣጠሙ። ፍሰሐ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ጠላት ገብቶ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ስድስት ዓመት ተምሯል፤ አሁን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለ አንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ይጽፋል። ከዚያም ሌላ የስድስት ሰፈሮች የኳስ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ድሮ ለባሻ ቡድን ይጫወት ነበር፤ ከባሻ በግም ስንቱን ጎድን ግጧል። ታዲያ ወይዘሮዋን ሲያይ ወደ ግንቡ ጥግ ጥግ ማለት ጀመረ።

«ና እዚህ» አሉት። «እንደ አበዳሪ የምትሸሸኝ ምን አድርጌህ ነው?»

«ኧረ አልሸሸሁም እትዬ። እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ፈቃዱ የሚሰጠው እሑድ ነው አሉ። እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ ገንዘቡን አግኝቻለሁ። የባሻን በርኖስ ሸጥኩት።»

ፍሰሐ ክው አለ። ያንን ጥቁር በርኖስ የማያውቅ የልደታ ሰው አልነበረም፤ ባሻ ለብሰውት ከሜዳው ዳር ሲቆሙ ልጆቹ ጉልበት ይጨምሩ ነበር።

ፈቃድ የተባለው ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የስድስቱ ሰፈር ውድድር መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። አንዱ ቡድን ኳሱ ፈንድቶበት ሌላ መግዣ አጣ፣ አንዱ ተጫዋቾቹ በችግር ተበተኑበት። የልደታው ቡድን ደግሞ፣ ሳቃችሁን ያዙልኝ፣ ውድድሩ ባይጨረስም በደገሰው የመዝጊያ ድግስ ጠጅ ሲያልቅ ማልያዎቹን ለሁለት እንስራ ጠጅ ከሚደቅሳ ጠጅ ቤት መያዣ አስቀመጠ። ስለዚህ የስድስቱ ሰፈር ሰዎች ተሰብስበው ሦስት ነገር ያላሟላ ቡድን እንዳይጫወት ደነገጉ። ማልያው በገዛ እጁ ይሁን። በሣጥኑ መቶ ሊሬ ያስቀምጥ። ባለፈው ዓመት የተጎዱበት ልጆች መታከማቸውን በራሳቸው አፍ ይመስክሩ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከበርኖሱ ያገኙት መቶ ሰባ ሊሬ ነው። ሃምሳው ማልያውን ያስለቅቃል፣ መቶው ሣጥን ይገባል፣ በቀረችው ሃያ ሊሬ የመክፈቻው ቀን በግ ይታረዳል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ሕዝቡ «የባሻ ልጆች» እያለ ሲጣራ መስማት ነው ከባላቸው ሞት ወዲህ በሕይወት ያቆያቸው። ከየካቲቱ ፍጅት በኋላ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ በክፉ ዓይን በሚታይበት ከተማ፣ የባላቸው ስም በአደባባይ የሚጠራው በዚያ ሜዳ ብቻ ነበር። ይህ እንዳይቀርባቸው በርኖሱን ቀርቶ ቤታቸውንም ቢሸጡ ደስታቸው ነው።

«ደንባችሁ ግን ደስ አላለኝም» አሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁል መንገድ እየጀመሩ። «ነጩ ሹም ፈቃድ አውጡ ይለናል። እናንተ ደግሞ ዞራችሁ ፈቃድ አውጡ ትሉናላችሁ። ከእርሱ ተማራችሁት ልበል?»

«እትዬ፣ ሁለቱ አይገናኙም» አለ ፍሰሐ ከጎናቸው እየሄደ። «የእርሱ ደንብ የሚጠይቀን ማን እንደሆንን ነው። ጥቁር ስለሆናችሁ ከነጮቹ ቡድን ጋር አትጋጠሙም ይለናል። ይህን ምን ብንለፋ ልናሟላው አንችልም። የእኛ ደንብ የሚጠይቀው ግን ምን እንዳደረግን ነው። ማልያህን ጠብቀሃል ወይ፣ የተጎዳብህን ልጅ አሳክመሃል ወይ ነው የሚለው። ይህን ማንም ሊያሟላው ይችላል።»

«ማንም ነው ያልከው?» ወይዘሮዋ ቆም አሉ። «የባለሱቆቹን ሰፈር ቡድን መቶ ሊሬ ብትጠይቀው፣ አንዱ ነጋዴ ከመሳቢያው መዝዞ ይሰጥሃል። የእኛ ልጆች ሸክም ተሸክመው የሚያድሩ ናቸው። ለሁሉም አንድ መቶ ብሎ መቁረጥ እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም። ስድስት ዓመት ስትማር ይህን አልነገሩህም?»

 እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡ ሲጻፍ ይህን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም።

«በዚህስ ልክ ነዎት» አለ ፍሰሐ። «አላሰብንበትም። ግን ባይቆጡኝ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና ስንት በግ ታረደ?»

«አምስት ጨዋታ አምስት በግ። ለመዝጊያው ሁለት ጨመርኩ። ሰባት» አሉ ኮራ ብለው።

«የሰባት በግ ዋጋ ከመቶ ሊሬ ይበልጣል። መቶ ሊሬ አጥተን አልነበረም ማለት ነው፣ በልተነው ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ባሻ እናንተን የሰበሰቧችሁ በኳሱ ይመስልሃል? በማዕዱ ነው። የሜጫው ልጅ፣ የሶዶው ልጅ፣ የመንዙ ልጅ ከአንድ ገበታ የቆረሱት እዚያ ነው። አሁን በጉን አስቀርተህ ሣጥን ልታስታቅፋቸው ነው?»

«ማዕዱን አልረሳሁትም» አለ ፍሰሐ፣ ድምፁም ለወጥ አለ። «እናቴ በሞተችበት ዓመት ጠግቤ የማድረው ኳስ ያለ ቀን ብቻ ነበር። ባሻ ያንን ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ከጎናቸው ነበር የሚያስቀምጡኝ። ግን እትዬ፣ ባሻ በጉን የሚያርዱት ከንግዳቸው በሚተርፋቸው ነው። ያው እጃቸው የተሰበረውን ያሳክም፣ የተቀደደውን ያሰፋ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ በጉ ብቻ ነው የተረፈው።»

 ባሻ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ደጃፍ ላይ አሰልፈው የቆሰለ ጉልበት ሲያጥቡ ወይዘሮዋን ትዝ አላቸው። በዚያ ጊዜ ለውሃው ሙቀት የሚጨነቁት፣ ጨርቁን የሚቀድዱት ወይዘሮዋ ራሳቸው ነበሩ። መቼ እንደተዉት ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም።

«እኔ ያላሳከምኩት ልጅ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጃርሶ አለ።»

«ጃርሶማ እግሩን ወለም ብሎት ነው። የመዝጊያው ቀን ድርሻውን በሳህን ልኬለት የለም እንዴ?»

«ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለ ፍሰሐ አንገቱን ደፍቶ። «ያየሁትን ልነግርዎት ተመልሼ መጥቼ ነበር። ድግሱ ደምቆ፣ እርስዎም ደስ ብሎዎት ሳይ አፈርኩና ተውኩት። ይኸው እስከ ዛሬም ሳይዎት የምሸሸው ለዚህ ነው።»

«በል ምራኝ። በዓይኔ ልየው።»

ጌጃ ሰፈር ሲደርሱ ጃርሶ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ጆንያ ይሰፋል። እስከ አምና ድረስ ኩንታል እንደ ትራስ ያነሳ የነበረ ወዛደር ነው። ወይዘሮዋን ሲያይ ለመነሳት ታገለ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ ጎብጦ ቀርቷል። ወጌሻ ሁለት ጊዜ መጥቶ አሽቶለት ነበር። በሦስተኛው ዋጋውን ሲጠይቅ ከቡድኑ የሚሰጠው ስላጣ በዚያው ቀረ። አጥንቱም እንደተጣመመ ያዘ።

«ለምን ሰው አልላክህብኝም?» አሉት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ።

«ምን ብዬ እትዬ? ባሻ እንደ ልጅ ያበሉኝ ሰው ናቸው። እርስዎም ሥጋ ልከውልኛል። በዚያ ላይ ገንዘብ ስጡኝ ልበል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ እሑዱ ግን ምንም አያስቡ። ሰምቻለሁ። ደህና አድርገው አሳክመውኛል፣ ድኛለሁ ብዬ እመሰክራለሁ። ጋቢ ለብሼ ቀድሜ ገብቼ ከተቀመጥኩ እግሬ አይታይም።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። በርኖሱን እስከ መሸጥ የደረሱለት የባላቸው ስም፣ የዚህ ልጅ የተጣመመ እግር በጋቢ ተሸፍኖ ሊጠራ መሆኑ አሳፈራቸው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር የእኛን ሰው ስንቱን ጉድ አሸክሞታል። የተጎዳው ይሉኝታ ይዞት አልተናገረም፣ ያየው ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ወይዘሮዋም ከዛሬ በፊት መጥተው አላዩም፤ እርሳቸው ግን ያልመጡት በይሉኝታ አልነበረም፣ አላሰቡትም ነበር። ይህንንም በልባቸው አልሸሸጉትም።

መቀነታቸውን ፈተው ገንዘቡን እንዳለ ለፍሰሐ ሰጡት።

«ወጌሻውን ዛሬውኑ ጥራው። የጣሊያን ሐኪምም ካስፈለገ እርሱንም ጥራ። የቀረው ጃርሶ እስኪነሳ ድረስ ቀለቡ ነው።»

«ማልያውስ እትዬ?»

«ሚደቅሳ ጋ ይሰንብት።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ በሊቀመንበሩ በአቶ ሀብተ ማርያም ግቢ ተሰበሰበ። አቶ ሀብተ ማርያም የባሻ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ፍሰሐ የቡድኖቹን ስም እየጠራ ልደታ ላይ ሲደርስ፣ ሦስቱንም አላሟላም ብሎ ሊያነብ አፉን ሲከፍት ሊቀመንበሩ አቋረጡት።

«ተው አንተ። የባሻ ተክለጻድቅን ቡድን በወረቀት እናስቀራለን እንዴ? ባለቤታቸው እዚህ ተቀምጠው? ነውር ነው። ይለፍ።»

«ይለፍ፣ ይለፍ» አለ ሰዉ ሁሉ።

 ወይዘሮ ወርቅአፈራሁም ሰው ናቸውና ቡድኑ እንዲያልፍ ፈልገው ነበር። ዝም ቢሉ በቀጣዩ እሑድ ልጆቹ ሜዳ ይገባሉ፣ ስሙም ይጠራል፤ የሚጠይቃቸውም የለም። ከዚያ ተነሱ።

«ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አሉ። «ነገር ግን አትለፉን። ማልያችን ጠጅ ቤት ነው። ሣጥናችን ባዶ ነው። ጃርሶ የሚባል ልጃችን እግሩ ተጣሞ ከተቀመጠ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኔ በዚያ ጊዜ በግ ሳርድ ነበር። ለባሻ ክብር ብላችሁ እኛን ካሳለፋችሁ፣ ሌላውን ቡድን ምን አጥፍቷል ብላችሁ ትከለክላላችሁ? ባል ስላልሞተበት ነው?»

ሰዉ መሳቅም ማዘንም አቃተው።

«ደንባችሁ ግን አንድ ስሕተት አለው» ብለው ቀጠሉ። «ወጌሻ ለነጋዴም ለተሸካሚም የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ነው። ለምን ስድስት ሣጥን እንይዛለን? የሁላችንም አንድ ይሁን። ያለው አብዝቶ፣ የሌለው አሳንሶ ያግባ። የማንም ልጅ ቢጎዳ ከዚያ ይታከም። ዘንድሮ ያላሟላም ስሙ አይሰረዝ፣ ለከርሞ ጊዜ ይሰጠው። ይህን ጸሐፊያችሁ ብቻውን አልነገረኝም፣ እኔም ብቻዬን አላሰብኩትም። ተከራክረን ነው የደረስንበት።»

ከተናገሩ በኋላ ከወደ ኋላ ሁለት የቡድን አለቆች ተነሥተው እነርሱም እንዳላሟሉ ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ አሟልተናል ብለው ሊምሉ የመጡ ነበሩ። አቶ ሀብተ ማርያም ራሳቸውን እየነቀነቁ ደንቡ እንደተባለው እንዲስተካከል አደረጉ።

በዚያ ዓመት የተጫወቱት ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ውድድሩ ግን ሳይቋረጥ አለቀ። አራት ልጆች ተጎድተው አራቱም በጋራው ሣጥን ታከሙ፣ ያውም አንዱ ካልተፈቀደለት ቡድን ለልምምድ የመጣ ነበር። ልጆቹ ከሚያገኙት ሳንቲም እያዋጡ ኳስ መግዛትን፣ የራሳቸውን ሰብሳቢ መምረጥን፣ ያጠፋን ሳይፈሩ መጠየቅን ተማሩ። አንድ ሀብታም ሲሞት አብሮ የሚሞት ቡድን ከዚያ ወዲህ በስድስቱ ሰፈር አልታየም። ጃርሶም ትንሽ እያነከሰ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በቀጣዩ ዓመት የልደታ ቡድን በገዛ መዋጮው ባሰፋው ማልያ ሜዳ ገባ። ሕዝቡም «የባሻ ልጆች» ብሎ ተጣራ። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ ሰዉ በለመደው እግሩ በወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ደጃፍ ተሰበሰበ። ወይዘሮዋ ብቅ ብለው፣

«ምን ትጠብቃላችሁ? በግ የለም። እራታችሁን ከየቤታችሁ ብሉ» ብለው በሩን ዘጉ። ገብተው ሲቀመጡ ቤቱ ጭር አለባቸው። ባሻ ቢኖሩ ይቆጡኝ ነበር ብለው አሰቡ። ኋላ ደግሞ አይቆጡም፣ ጃርሶን አስጠርተው ከጎናቸው ያስቀምጡት ነበር ብለው ሐሳባቸውን ለወጡ። ናፈቋቸው፣ እንባቸውም መጣ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱት አሥራ አንዱም ተጫዋቾች፣ ከኋላቸው ፍሰሐና ጃርሶ ቆመዋል። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሽሮ በድስት፣ አንዱ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል።

«እራታችሁን ከየቤታችሁ ብሉ አላሉንም?» አለ ጃርሶ። «ከየቤታችን ነው ያመጣነው።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሊቆጧቸው ፈልገው አልሆነላቸውም፤ መንገድ ለቀው አስገቧቸው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ በልተው ተበተኑ። ሳህኑንም ያጠቡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።