ቀኑን ሲጠብቅ የኖረው ቀሚስ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልክ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ክርና ቁልፍ መሸጫው ጎራ ያሉት ለአንዲት ትንሽ ቀሚስ የሚሆኑ ነጭ ቁልፎች ለመግዛት ነበር። ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም። አንገትጌው ትንሽ ካዘነበለ፣ ደንበኛው «ግድ የለም፣ ይሁን» እያለ እንኳ «ልክ አይደለማ!» ብለው ያለቀውን ልብስ ይፈቱታል። እንዲህ ያለ ሰው ለልብስ ሥራ ይመረጣል። ለቤተሰብ ደስታ ግን አንዳንዴ ያስቸግራል።

ባንኮኒው ላይ ቁልፎቹን ሲያገላብጡ አንዲት ወጣት ሴት አጠገባቸው ቆማ በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? አላወቁኝም መሰለኝ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩአት። «ምን አላውቅሽም! የጎረቤታችን ልጅ አይደለሽም እንዴ? ማሽኔ ሥር ተደብቀሽ ስንት ክር አወሳስበሽብኛል! አሁን መምህርት ሆነሻል አሉኝ።»

«የሕፃናት መምህርት ነኝ። ሚጣም እኔ ክፍል ናት» አለች እየሳቀች። ሚጣ የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ ናት። «ቁልፉ ለማን ነው?»

«ለእሷው ነዋ። አንደኛ ዓመቷን ስናከብር የምትለብሰው ነው።»

«አንደኛ ዓመቷን? ጋሼ፣ ሚጣኮ ትናንት ‹የጫማሽ ክር ተፈቷል፣ እንዳትወድቂ› ብላ መክራኛለች!»

ባለሱቁ ሳቁን መደበቅ አቅቶት ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ጋሽ ልክ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«አትሳቂብኝ ልጄ። አንድ ዓመት ሲሞላት ወንድ ልጄ መርከብ ላይ ነበር፤ አጎቷ በሌለበት ምን ድግስ አለ ብለን አቆየነው። እሱ ሲመጣ እህቴ ታመመች። እሷ ስትድን እሱ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም ይኸው አለፈ። በየጊዜው ቀሚሱን እየፈታሁ እጥፋቱን ለቀቅሁለት፤ አሁን የምለቀው ጨርቅ የለኝም።»

«ታዲያ አሁን ሁሉ ነገር ተሟላ?»

«የት ይሟላል! ጭራሽ ልጄና ባሏ ለሥራ ቅዳሜ ወደ ሌላ ከተማ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ሚጣም አብራቸው ትሄዳለች።» ድምፃቸው ወረደ። «እናቷ፣ ‹ነገ ከሰዓት እኛው በእኛው ትንሽ ነገር እናድርግላት› ብትለኝ እምቢ አልኳት። ወንድሟ ይምጣ፣ ሁሉም ይሰብሰብ፣ ያኔ በወጉ ይደረጋል።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ኮስተር ያለ ነበር። ልባቸው ግን ሌላ ያውቃል። ከቅዳሜ በኋላ አብረው የሚኖሩበት ቤት ጭር እንደሚልና «ያኔ» የሚሉት ቀን የት እንዳለ እንደማይታወቅ ሌሊቱን ሲያስቡት ነው ያደሩት።

መንገዳቸው አንድ ስለነበር አብረው ወጡ።

«ጋሼ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ። መምህር እንደሆነ ካልተፈቀደለትም መናገሩ አይቀር።»

«ድግሱ የማን ነው? የሚጣ ነው ወይስ የእንግዶቹ?»

«የሚጣ ነው እንጂ! ግን ሰው ምን ይለኛል? ለሰው ሁሉ የደስታ ልብስ እየሰፋ፣ የገዛ የልጅ ልጁን ደስታ በር ዘግቶ አሳለፈው አይሉኝም? እሷስ ስታድግ ‹ለእኔ ምን ተደረገልኝ?› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«እስካሁንስ ምን ተደረገላት?»

ጋሽ ልክ የቁልፉን ከረጢት ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

«እኛ ክፍል በየቀኑ ድግስ አለ» ብላ ቀጠለች መምህርቷ። «ውሃ ሳያፈስ የቀዳ፣ እናቱን ሳያለቅስ የሸኘ፣ ቀለሙን ለጓደኛው ያካፈለ ልጅ ሁሉ መሃል ላይ ይቆማል፤ እናጨበጭብለታለን።»

«ይሄማ ማሞላቀቅ ነው!» አሉ ቆም ብለው። «ውሃ ቀዳ ተብሎ ይጨበጨባል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኮት ስሰፋ ማን አጨበጨበልኝ?»

«ቢጨበጨብልዎ ይጠሉ ነበር?»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ነገ ጭብጨባው ሲቀርበትስ? ያለ ጭብጨባ እጁን የማያነሳ ሰው ሊሆን ነዋ!»

«ከለመደው በኋላማ አናጨበጭብም፤ የምናጨበጭበው ለመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ደግሞ ቀጠሮ የለውም ጋሼ። መርከብ ወደብ እስኪደርስ አይጠብቅም።»

«ደህና አድርገው አስተምረውሻል» አሉ፣ ምስጋና ይሁን ወቀሳ በማይለይ አነጋገር።

«ያስተማሩኝማ እትዬ ናቸው» አለች።

ጋሽ ልክ እርምጃቸውን ገቱ። እትዬ የምትላቸው በሕይወት የሌሉትን ባለቤታቸውን ነበር።

«የመጀመሪያ ጥርሴ የወለቀ ቀን እያለቀስኩ እርስዎ ቤት ገባሁ። እትዬ ብድግ አድርገው ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አቆሙኝ። ሜትሩን ከእርስዎ አንገት ላይ መንጭቀው እኔ አንገት ላይ እንደ ሜዳሊያ አጠለቁት። ‹ዛሬ ቤታችን ትልቅ ሰው መጥቷል!› ብለው ሲያጨበጭቡ ልጆችዎም አጨበጨቡ። እርስዎ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ?»

«‹ሜትሬን መልሱልኝ፣ ሥራ አለብኝ›» አሉ ጋሽ ልክ ቀስ ብለው።

ሁሉም ተመለሰባቸው። ልጃቸው መርፌ ውስጥ ክር ያስገባች ዕለት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ወንዱ ልጃቸው ማፏጨት የቻለ ዕለት ቤቱ በፉጨት ሲደነቁር ዋለ። እሳቸው ያጉረመርማሉ፣ ባለቤታቸው ትስቃለች፣ ሥራው ይጓተታል። ያ የተጓተተ ሥራ የማን ልብስ እንደነበረ ዛሬ አንዱም ትዝ አይላቸውም። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከጨርቅ በቀር የቆመ የለም። ናፈቀቻቸው፤ መንገድ ላይ መሆናቸውን እስኪረሱ ድረስ ናፈቀቻቸው።

«ለእኔም ቤት ሙሉ ሰው ተጠርቶ ልደት ተከብሮልኛል» አለች መምህርቷ። «ፎቶው አለ፤ እኔ እዚያ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ከዚያ ቀን አንድም ነገር አላስታውስም። የእትዬ ሜትር ግን ይኸው እስከዛሬ እዚህ ጋ ይቀዘቅዘኛል» ብላ አንገቷን ነካች።

ጋሽ ልክ ብዙ ሳይናገሩ ተሰናበቷት። ጥቂት ራመድ ብለው ግን ዞሩ። «ነገ ከሰዓት ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ብትመጪልን ደስ ይለናል።»

በማግስቱ ጋሽ ልክ ቀሚሱን ክንዳቸው ላይ አድርገው ሲገቡ፣ ልጃቸው ዕቃ በካርቶን እየሞላች ነበር።

«ዛሬ እናድርገው» አሏት።

«አባባ? ወንድሜ ይምጣ ብለህ አልነበር?»

«ሲመጣ ደግሞ ሌላ ምክንያት አናጣም።»

ልጃቸው የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አባቷን አቀፈቻቸው። ባሏ ኬክ ሊገዛ ሮጠ። መምህርቷም ደረሰች። ጋሽ ልክ መቀሱንና ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሚጣን አቆሟት። ቀሚሱን አለበሷት፤ ከፊት ያሉትን ቁልፎች ሊቆልፉ ሲሉ ትንሿ እጅ ገፋቻቸው።

«እኔ ራሴ!»

ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ታገለች። ቁልፉ ይሾልካል፣ ደግማ ትይዘዋለች። በመጨረሻ ገባ፤ ግን የላይኛው ቁልፍ በሁለተኛው ቀዳዳ ነበር የገባው። ሌሎቹም ተከትለውት ገቡና ቀሚሱ ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ። አንገትጌው ጆሮዋ ሥር ደረሰ።

ሁሉም ጋሽ ልክን ያያል። እጃቸው ልማዱ ነውና ወደ ቁልፉ ተነሳ።

«አባባ፣ ልክ ነው?» አለች ሚጣ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ የተንጋደደ ልብስ ከቤታቸው አልወጣም።

«ልክ ነው» አሉ። «ልክ ነው የኔ እናት።» ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «ዛሬ ቤታችን ትልቅ ሰው መጥቷል!»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ልጃቸው እያጨበጨበች አለቀሰች፤ ያንን ቃል ከእናቷ አፍ ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗታልና። አጎትየውም ካለበት ወደብ በስልክ ተገኘና ጆሮ እስኪበሳ አፏጨላቸው።

እንግዲህ ትልቅ ድግስ ክፉ ነው ያለ የለም፤ የሞላለት ይደግስ። ነገር ግን ሁሉ እስኪሟላ ብሎ ደስታን የሚያቆይ ሰው፣ ልጁ እንደ ጨርቅ ታጥፎ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ልጅ አይጠብቅም፤ ያድጋል። በዕለቱ የታየለት ልጅ ነገ አዲስ ነገር ለመሞከር አይፈራም፤ ሩቅ ቢሄድም ማን እንደሚያይለት ያውቃል። ወላጁም ቢሆን ጭንቀቱ ይቀልለታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና ሥራውን ለአፍታ የሚተው ሰው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሚጣ ሜትሩን እንዳጠለቀች ሄደች። ጋሽ ልክም አዲስ ሜትር ገዙ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአንድ ደንበኛ ትከሻ ሲለኩ ስልካቸው ጮኸ።

«አባባ፣ ጫማዬን ራሴ አደረግሁ!»

«ግራና ቀኙ ተቀያይሯል እንጂ» አለች እናትየው ከኋላ እየሳቀች።

ጋሽ ልክ ሜትሩን ደንበኛው ትከሻ ላይ ጥለው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ማጨብጨብ ጀመሩ። ግራ የገባው ደንበኛ ዞሮ አያቸው።

«ለማን ነው?»

«ጫማዋን ላደረገች ሰው።»

ደንበኛው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትንሽ አሰበና አብሯቸው አጨበጨበ።