እንቁላል የሆነው ክብ

ብየዳ ቤቴ ቆቦ ነው። ለማሽላ መውቂያ ማሽን ጎድጓዳ ክዳን እየሠራሁ ነበር። ላሜራው ከገልባጭ መኪና የተቆረጠ፣ ድርቅ ያለ ብረት ነው። የመጀመሪያውን ሻጋታው ላይ አድርጌ በክሪክ ስጫነው ተሰነጠቀብኝ፤ የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። ማሽላው ደርሷል፤ የዋጃው ባለማሽን ስልኬን አላሳርፍ ብሏል። ይሄኔ ምሕንድስና የተማረችው የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ከወዳደቀው ቁራጭ አንዱን አነሳችና በማርከር ትንንሽ ክብ ሞላችበት። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ጫነው፤ እኔ ክቦቹን ልይ።»

ክሪኩን ስጨምር ክቦቹ ተለጠጡ። አንዱ ልክ እንደ እንቁላል ሲሾል፣ «በቃ! ከዚህ በኋላ ብትጨምር እዚህ ጋ ይቀደዳል» ብላ ጣቷን አሳረፈችበት። ዳሰስኩት፤ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ የለውም። «እስቲ ጣትሽን አንሺ» አልኳትና አንዴ ጨመርኩ። ጧ! ያው እንቁላል ከመሀሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ሌሎቹን ንክች አላደረጋቸውም። «ሱብሃነላህ!» አልኩ። ዕድሜ ልኬን ብረት ሲቀደድ ነው የማየው፤ ሊቀደድ ሲል አይቼው አላውቅም።

ዋናውን ላሜራ በክብ ሞላነው፣ እንቁላሉ ያረፈበትን የሻጋታውን ስለታም ጠርዝ ሞርደን አለዘብነው፣ አንድም ክብ ሳይሾል ክዳኑ ወጣ። ክዳኑን አረንጓዴ ስቀባ ክቦቹ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሳልቀባቸው ተውኳቸው። ዋጃ የሄደ ሰው ያያቸዋል።