የሻይ ውኃ ለመኪናዬ

ጉድ ልንገራችሁ! የሚስቴ እህት የምታገባ ዕለት ጠዋት፣ ሙሽራዋን የማመጣባትን ጥቁር መኪናዬን በጉድጓድ ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ ተውኳት። የሞያሌ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጨዋማ ነው፤ ስመለስ ናይሮቢ ድረስ ወስጄ ሴራሚክ የሚባለውን የሚያብለጨልጭ መከላከያ ቅብ ያስቀባኋት መኪና በነጭ የጨው ነጠብጣብ ተሸፍና ፈንጣጣ የወጣባት መስላለች! ብፈትጋት ቅቡ ሊጫር ነው። አቼቶ በውኃ አቅጥኜ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያልኩ ባብሳት፣ ነጩ ነጠብጣብ ልቅቅ! ግን በምን ላለቅልቃት? በዚያው ውኃ ከሆነ ተመልሶ ሊመጣ ነው። ሚስቴ ጽጌ ለሠርገኛው ሻይ ያጠራቀመችው የዝናብ ውኃ ትዝ ሲለኝ፣ ጀሪካኑን ብድግ አድርጌ መኪናዋ ላይ ለቀቅኩት!

«አንተ ሰውዬ፣ የሻይ ውኃዬን? በማርያም፣ አብደሃል?» እያለች ከኩሽና ሮጣ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ግን በሚያብለጨልጨው የመኪናዋ በር ላይ የራሷን ፊት አየችና ሻሿን አስተካከለች። «ኋላዋ ይቀራል» ብላ ሁለተኛውን ጀሪካን ራሷ አመጣችልኝ!

ከሰዓት ሠርጉ ላይ ከቡቲዬ መንደር የመጡ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ፉት አሉና «ልጄ፣ ሻዩ ምነው ጨው ጨው አለ?» ብለው ጠየቋት። ጽጌ በኩራት ወደ መኪናዋ ጠቆመች፤ «አባባ፣ ጥሩውን እሷ ጠጥታዋለች!»