በሰሌዳው ላይ የተለጠፈችው «ያ»

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የመነጽሬ አንዱ እግር ወልቆ በክር አስሬው ስዞር ከዋልኩ በኋላ፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ወዳለው መነጽር ቤት ገባሁ። እኔ የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ መነጽር ካላደረግሁ ፊቴ የቆመውን ተማሪ ከመደርደሪያው አልለየውም። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት መነጽሩን ተቀበለችኝ። በትንሽዬ መፍቻ ብሎኑን አጥብቃ፣ መስተዋቱን ወልውላ፣ ራሷ ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። መልኳ የታየኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንቺ፣ የላቦራቶሪ ክፍል ተማሪ አልነበርሽም? መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ የማትጠፊው?»

«ነበርኩ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፋ አድርጋ።

«ታዲያ ምነው አሁን እዚህ? ዘንድሮ ተመራቂ አይደለሽም እንዴ?»

«ኧረ ምን ምርቃት አለ! አምና በኬሚስትሪ ወድቄ ወጣሁ እኮ።»

ግራ ገባኝ። በዚያው ሳምንት ሬጅስትራሯ መጽሐፍ መዋስ የሚችሉ ተማሪዎችን ዝርዝር ልካልኝ ነበር። የዚህች ልጅ ስም ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አይቼዋለሁ። ወድቃ የወጣች ልጅ እንዴት ሦስተኛ ዓመት ትሆናለች? ሦስተኛ ዓመት ከሆነችስ መነጽር ቤት ቆማ ብሎን የምታጠብቀው ለምንድን ነው?

«ማነው ወደቅሽ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት።»

ሌላ ደንበኛ ገባና ጨዋታችን በዚያው ተቋረጠ። ቤቴ እስክደርስ ነገሩን ሳገላብጠው ሄድኩ፤ ጫፉ ግን አልያዝ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ደብዳቤ መሃላቸው አስቀምጠው ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩት አንጋፋ መምህር ናቸው። ተማሪዎች «ወንፊቱ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ስሙንም አይጠሉትም። ሁለተኛዋ በዚያ ዓመት የተቀጠረች የስታቲስቲክስ መምህርት ናት። በልጅነቷ የእሳቸው ተማሪ ስለነበረች እስካሁን «ጋሼ» ነው የምትላቸው።

ደብዳቤው ከዲኑ የመጣ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ላቦራቶሪ ክፍል ከገቡት ዘጠና ስድስት ተማሪዎች ለምርቃት የደረሱት ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ካልታወቀና መፍትሔ ካልተገኘለት፣ የኮሌጁ ቦርድ ክፍሉን ሊዘጋው ነው።

«ይዝጉታ!» አሉ አንጋፋው መምህር። «የኛ ተመራቂ ነገ የሰው ደም ይመረምራል። ስኳር የሌለበትን ‹አለብህ›፣ ያለበትን ‹የለብህም› ያለ ዕለት ተጠያቂው ማነው? ማጣራት ግዴታዬ ነው፣ ልጄ። ቁጥር እንዲያምር ብዬ ሰው አልገድልም።»

«ማጣራቱንማ ያጣሩ፣ ጋሼ። አንድ ማርክ ይጨምሩ ብዬ አልለምንዎትም። ግን ከጎደሉት ስልሳ አምስት ተማሪዎች በፈተና የወደቁት ስንት ይመስልዎታል? አሥራ አራት ናቸው። ሃምሳ አንዱ ዝም ብለው ነው የጠፉት።»

«ወዴት ጠፉ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ሬጅስትራር ብጠይቅ ‹አሉ› ትላለች። ክፍል ብገባ የሉም።»

እኔም ይኼኔ የመነጽር ቤቷን ልጅ ነገር አነሣሁ። አንጋፋው መምህር ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እኔ ጋ የወደቀ ተማሪ ውጤቱ በቁጥር ነው የሚጻፈው። ቁጥሯን አይታለች?»

«ሰሌዳው ላይ አየሁት ነው ያለችኝ።»

የማርክ መዝገባቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ገለጡ። ጣታቸው በዝርዝሩ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ከተፈተነችው ከሰማንያው ስድሳ አንድ አምጥታለች። የቀረው የመጨረሻው የላቦራቶሪ ሙከራ ብቻ ነው፤ እሱን ዜሮ ብታመጣ እንኳ ታልፋለች። ከስሟ ትይዩ፣ በውጤት መጻፊያው ዓምድ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ተጽፋለች፦ «ያ»።

«ምን ማለት ነው ‹ያ›?» አልኩ።

«ያልተሟላ ነዋ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ነው። ይኼን የማያውቅ አለ?»

ወጣቷ መምህርት ነገሩን በክርክር አልገፋችበትም። ፊደሏን በወረቀት ላይ ጽፋ ተነሣች፤ እኛም ተከተልናት። በር ላይ ያገኘነው ዘበኛ ወረቀቱን አየና «ያለፈ ነዋ!» አለ። የዲኑ ጸሐፊ «ያላለፈ ይመስለኛል» አለች። ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴት ደግሞ መወልወያዋን ይዛ ቀና አለችና «ያ ምን? ያ የቱ?» ብላ እኛኑ ጠየቀችን። «ያልተሟላ» ብላ የመለሰች ሬጅስትራሯ ብቻ ነበረች፤ «ያ» የተጻፈባቸውን ተማሪዎች ሁሉ ወደሚቀጥለው ዓመት እያሻገረች ስታስመዘግብ የኖረችውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ፊደል ለዘበኛው ማለፍ፣ ለጸሐፊዋ መውደቅ፣ ለሬጅስትራሯ መቆየት ሆነች። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ከፊደል ጋር ያሳለፍኩ ሰው፣ የቱን እንደምመርጥ አላወቅሁም ነበር።

አንጋፋው መምህር ግን በቀላሉ የሚበገሩ አልነበሩም። «መልካም፣ ፊደሏ ግልጽ አይደለችም እንበል። ለምን አልጠየቀችኝም? መማር የፈለገ ይጠይቃል። እኔ ስማር ማን ቤቴ መጥቶ ‹ምነው ቀረህ?› አለኝ?»

«ጋሼ፣ የሚጠይቅ ሰው የሚጠየቅ ነገር መኖሩን ያወቀ ሰው ነው። ወድቄያለሁ ብላ ያመነች ልጅ ምን ብላ ትጠይቅዎት? ‹በደንብ ወድቄያለሁ ወይ?› ትበል?»

መሳቅ ቢያምረኝም የሽማግሌውን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

«እሺ» አሉ ኮፍያቸውን አንሥተው። «ሄጄ ራሷን እጠይቃታለሁ።»

በምሳ ሰዓት ሦስታችንም ወደ መነጽር ቤቱ ሄድን። ልጅቷ ስታያቸው ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እጇ ላይ የነበረውን ፍሬም የምታስቀምጥበት ጠፍቷት አንዴ ባንኮኒው ላይ፣ አንዴ ኪሷ ውስጥ ልትከተው ሞከረች።

«ተቀመጪ ልጄ። የመጨረሻውን ሙከራ ለምንድን ነው ያልሠራሽው?»

«እናቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሆስፒታል ነበርኩ፣ ጋሼ። ስመለስ ሙከራው አልፏል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ‹ያ› የሚል አየሁ። ያው፣ ያላለፈ ማለት ነው ብዬ...»

«እሱን ተይው። ቢሮዬ መጥተሽ ልትጠይቂኝ አትችይም ነበር?»

ልጅቷ ወጣቷን መምህርት አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ወለሉን አየች።

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እርስዎ ውስጥ ለሆነ ሰው ይናገራሉ። ‹የወደቀ ወድቋል፤ ጊዜዬን ባያባክንብኝ ደስ ይለኛል› ሲሉ ሰማሁ። እኔን ያዩኝ መሰለኝና ተመለስኩ።»

«እኔ? ለማን?»

«አላውቅም ጋሼ።»

ሽማግሌው ደንበኞች ዓይናቸውን የሚመረመሩበት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ለማን እንደተናገሩት ሊያስታውሱ ሲታገሉ ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ አልመጣላቸውም። ምናልባት ለአንድ የሥራ ባልደረባ፣ ምናልባት በስልክ፣ ምናልባትም በቀልድ። ያሉት ሰው ረስተውታል፣ የሰማችው ልጅ ግን በዚያ ቃል ሕይወቷን አዙራለች።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ኮሌጁ ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «አልወደቅሽም። ያን ጊዜም አልወደቅሽም።»

ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የሰማችው ያልገባት ሰው ትመስል ነበር። «እና ይኼን ዓመት ሙሉ ምን ነበርኩ?» አለች።

ሽማግሌው እንደምንም «እኔም አላውቅም» አሉ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ኮሌጁ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሽማግሌው ድንገት ቆሙ።

«ፈተናዬን አላቀልም።»

«ማን ያቅልሉ አለዎት፣ ጋሼ?»

«እንግዲያው የሃምሳ አንዱን ስም ስጪኝ። የምደውለው ራሴ ነኝ።»

ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥታ ስላለው ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው መደወል ጀመሩ። የመጀመሪያውን ተማሪ እንዳገኙት «አንተ! ለምን ጠፋህ?» ብለው ጮኹበት፤ ልጁም ስልኩን ዘጋባቸው። ወጣቷ መምህርት መጥታ «‹ለምን ጠፋህ› አይበሉ፤ ‹ምን ገጠመህ› ይበሉ» ብላ አሠለጠነቻቸው። ለሁለት ቀን ያህል ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ፊታቸው አስቀምጠው ነበር።

የሰሙት ነገር ከመልሱ ይልቅ ግርታውን አበዛው። አንዱ የሥራ ፈረቃው ከላቦራቶሪ ሰዓት ጋር ተጋጭቶበት ነው የቀረው። አንዷ «ደብዳቤ ይላክልሻል» ተብላ ከስድስት ወር በላይ ደብዳቤ ትጠብቃለች፤ ማን እንዳላት አታስታውስም። አንደኛው በሌላ ሥራ ደስ ብሎት እንደሚኖር በትሕትና ነግሮ አመሰገናቸው። አንዷ ደግሞ «እርስዎን ምን አገባዎት?» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ልክ ነሽ» ብለው ዘጉ። ስድስቱ ጭራሽ አልተገኙም። እነሱ የት እንዳሉ እስከዛሬ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ሃያ ሦስቱ ግን ተመለሱ። የመነጽር ቤቷ ልጅ ወዲያው አልመጣችም። «ትንሽ ላስብ» ብላ ወር ቆየችና አንድ ሰኞ ጋውኗን በክንዷ ይዛ ላቦራቶሪው በር ላይ ተገኘች።

ከዚያ ወዲህ በኮሌጃችን የተለወጠው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፤ ሳይሠራ የኖረውም ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ውጤት በሙሉ ቃል ይጻፋል፤ «ያልተሟላ» የተባለም ምን እንደጎደለውና እስከ መቼ ማሟላት እንደሚችል ከጎኑ ይነበባል። ሁለት ሳምንት የቀረ ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ይደወልለታል። ሙከራ ያመለጠው ቅዳሜ ጠዋት ይሠራል። እያንዳንዱ መምህር በስማቸው የሚያውቃቸው አሥራ አምስት ተማሪዎች አሉት፤ ዘበኛውም፣ ጸሐፊዋም ግራ የገባው ተማሪ ሲያዩ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ወደ መምህሩ ይመሩታል። ፈተናው ግን እንደ ድሮው ከባድ ነው፤ የሚወድቅም አለ። ልዩነቱ፣ የሚወድቀው መውደቁን፣ የሚያልፈውም ማለፉን ያውቃል። ቦርዱም ክፍሉን መዝጋቱን ተወው። በአካባቢያችን ያሉ ክሊኒኮች የላቦራቶሪ ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መላክ ቀርቶላቸው ከኛው ይወስዳሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ላቦራቶሪ ክፍል ብቻውን ስድሳ ሰባት ተማሪ አስመረቀ። አዳራሹ ጠበበ። ወንበር አልቆ ከጎረቤት መዋዕለ ሕፃናት ስንዋስ፣ የመጣልን ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ የልጆች ወንበር ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሱ አባቶች ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ፣ እቅፍ አበባቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ተቀምጠዋል። እናቶችም በየመተላለፊያው ቆመዋል።

አንጋፋው መምህር ቦታ አጥተው ከኔ ጎን ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ስም እየተጠራ ተመራቂ ሲወጣ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ሌላው ሲወጣ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ወጣቷ መምህርት ዘንበል ብለው፣ ያለ ቀልድ፣ ከልባቸው ግራ ተጋብተው፦

«ይኼ ሁሉ ሰው ግን እስከዛሬ የት ነበር?» አሉ።

«እዚሁ ነበሩ፣ ጋሼ» አለቻቸው።