መኪና ሊጎትት የወጣው ሰንጋ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መኪና ነበር ሰውን የሚጭነው፤ አሁን ደግሞ መኪና በበሬ ሲጎተት አየን። እና የዚያን ክረምት ከየአገሩ የመጡ የነጮች የውድድር መኪኖች በተበላ ከተማ በኩል አድርገው በእኛ በአፈሩ መንገድ ያልፋሉ ተባለ። ታዲያ ዝናቡ! አይ ዝናብ! ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጉድ ይወርዳል። መኪኖቹ መጡ፣ አንዱ ተንሸራቶ ቦይ ገባ፣ አንዱ ዞሮ ቆመ፣ እና አንዷ ቀይ መኪና የት ተቀረቀረች መሰላችሁ? እኔ ደጅ! እኔ ደጅ ነው የምላችሁ፣ አንጁሎ ደጅ አይደለም!

አንጁሎ ጎረቤቴ ነው። እኔ በሰው አልቀናም፣ ጌታ ያውቃል። ግን እሱ የእርሻ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ "ሄሎ! ሄሎ! ኖ ፕሮብሌም!" እያለ ሲመጣ አንጀቴ አረረ።

"አንጁሎ፣ ተመለስ፣ እንግዳው የኔ ነው" አልኩት።

"በምን ልትጎትተው ነው? በጋቢህ?" አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ታዲያ እኔ ያለኝ የጊፋታ ሰንጋ ብቻ ነው። ለዘመን መለወጫችን የሚታረድ፣ ስኳር ድንችና ቦይና የምንለውን ጎደሬ በእጄ እያጎረስኩ ያደለብኩት። እንዲህ ያለ በሬ ደግሞ የሰው ዓይን እንዳይበላው እስኪታረድ ከቤት አይወጣም፣ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ አብደሃል? የእርድ በሬ እኮ ነው! መራመድም ረስቷል!"

"ዞር በይ! ዛሬ አንጁሎ ያየኛል!"

እና አወጣሁት። እናንተዬ፣ ሲወጣ ሰው ሁሉ "ኡ!" አለ፤ ቆዳው ያብለጨልጫል። ነጩ ሹፌርም መኪናውን ትቶ "ዋው! ዋው!" ይላል። ያን ጊዜ የአንጁሎን ፊት ብታዩት! ገመዱን ከመኪናዋ አሰርኩና "በል ና!" አልኩት። ትንሽ ተራመደ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ እና ተኛ። መሀል መንገድ፣ ጭቃው ላይ፣ ልክ እንደ ቤቱ ተኛ! ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ባንዲራ የያዘው የውድድሩ ሰው ደግሞ "አባባ፣ ዝናቡ ይሻለን ነበር፣ እባክዎ በሬዎን ያንሱልን!" እያለ ይለምነኛል። እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ አንጁሎ ከፊት ቀንዱን ይዞ ይስባል፣ ነጩ ፎቶ ያነሳል። እንደምንም ተነሳልን፤ መኪናዋን ግን የአንጁሎ በሬዎች ጎትተው አወጧት። ውድድሩም ለዚያ ቀን ተሰረዘ፣ ነጩም አንጁሎ ቤት ገብቶ በቅቤ የራሰውን ምግባችንን፣ ሙቿን በላ። የኔ እንግዳ!

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ይለፍ። ነጩ ያን ፎቶ ላከለት፣ እና አንጁሎ በትልቁ አሳትሞ ሳሎን ሰቀለው። የኔን በሬ ቀንዱን ይዞ ቆሟል! እንግዳ በገባ ቁጥር "እንዴት ያለ በሬ ነበረህ!" ሲሉት "ጌታ ይመስገን" ይላል እንጂ የኔ አይደለም አይልም!

"አባባ፣ እርስዎስ ፎቶው ላይ የሉም እንዴ?" አለኝ ከልጆቹ አንዱ።

"አለሁ እንጂ! ከጭራው ኋላ ጭቃ የለበሰ እግር ይታያል። እና 'ይሄስ ማን ነው?' ሲሉት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? 'እሱማ እረኛዬ ነው!'"