ግራዝማች ፈረስ የሆኑበት ቅዳሜ

የለመዱትን መተው ለማንም ይከብዳል። ለሽማግሌ ግን ይብስበታል፤ «ይህን ልማድህን ተው» ሲሉት «ዕድሜህን በከንቱ ጨረስህ» ያሉት ይመስለዋልና። የአሰበ ተፈሪው ግራዝማች ጀምበሩ በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ግራዝማችን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር። አገሩ ሁሉ በፈረሳቸው ስም «አባ መብረቅ» ይላቸዋል። መብረቅ ደረቱ የሰፋ፣ ጋማው የተንዠረገገ ዳማ ፈረስ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ግራዝማች ከሹማምንቱ ድንኳን ፊት ሲደርሱ የልጓሙን ጠፍር፣ ዛቡን፣ ነጠቅ ያደርጋሉ፤ ልጓሙ መንጋጋውን ሲይዘው መብረቅ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ከአፉ የሚወርደው አረፋም ደም ይቀላቀልበታል። «አፉ ደም ያላየ ፈረስ ከአህያ በምን ይለያል?» ይሉ ነበር ግራዝማች። ሰሚውም እውነት ነው ይል ነበር።

ባለፈው መስቀል ግን መብረቅ ድንኳኑን ገና ከሩቅ እንዳየው፣ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ቆመ። ግራዝማችም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በጀርባቸው ተዘረሩ። ጉልበታቸው አብጦ ሰነበተ። አንዲት ልጃቸው አይናዲስ እግራቸውን በሙቅ ውሃ እያሸች፣ የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት እንዲህ አለቻቸው፦

«አባባ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ። እርስዎን ደግሞ ፈረስ ገድሎብኝ አልቀብርም። ለጥምቀት ይውጡበት፤ ነገር ግን ይህ ፈረስ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያ ከቆመ ለባለጋሪዎቹ ይሸጣል። ይማሉልኝ።»

ማሉ። ከማሉ ወዲያ ግን ምግብ አልበላ አላቸው። መብረቅ ዳገት ለዳገት የእህል ጆንያ ሲጎትት፣ ባለጋሪው በጅራፍ ሲሞሸልቀው ይታያቸዋል። እሳቸውስ ከዚያ በኋላ አባ ማን ሊባሉ ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብረቅን ውሃ ሊያጠጡ ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ሲወርዱ ያልጠበቁትን ነገር አዩ። አንዲት ሴት፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አድርጋ፣ በአንድ ቦራ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ክብ እየሠራች ትሄዳለች። ከክቡ መካከል አንድ ወጣት ቆሞ ይጮኻል።

«አበጀሽ! እንዲያ ነው! ትከሻሽን ልቀቂው፤ አየሽው? አንቺ ስትለሰልሺ እሱም አንገቱን ዘለግ አደረገ! ደግሞ ፈረሱን አመስግኚው!»

ሴቲቱም የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገችው። ግራዝማች ሳቃቸው መጣ። ወጣቱን ያውቁታል፤ የጎረቤታቸው ልጅ ታደሰ ነው። አዲስ አበባ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ባልደራስነትን፣ ፈረስና ፈረሰኛ ማሠልጠንን፣ ተምሮ፣ አሁን ለመንግሥት ሥራ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሴቲቱ የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር ሳህሊቱ ናት። ከዛፉ ሥር ፈረሱን ይዞ ተራውን የሚጠብቀው ደግሞ ከመቻራ ቡና የሚያመጣው ነጋዴ በድሪ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ግራዝማች። «ልጄ ታደሰ፣ የምታስተምረው ግልቢያ ነው ወይስ ሕፃን ማባበል?»

ታደሰ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን ግራዝማች፣ እንደምን ዋሉ? ሁለቱም አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሁሉ አሳያለሁ።»

«ሴት ልጅስ ፈረስ ምን ይሠራላታል? በቅሎ ጠፍታ ነው?»

ሳህሊቱ ከኮርቻዋ ሳትወርድ በትሕትና መለሰች። «ግራዝማች፣ ከቦኬ ወዲያ አንዲት ሴት በምጥ ተይዛ ሲልኩብኝ ጤና ጣቢያው የሚሰጠኝ ይህንን ቦራ ነው። ባለፈው ክረምት ጣለኝና በእግሬ ደረስሁ። ስደርስ መሽቶ ነበር።» ይህን ብላ ዓይኗን ወደ ቦራው ጋማ መለሰች።

«ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነገር ግን ተሸንፎ ዝም ማለት ያልፈጠረባቸው ሰው ናቸውና ወደ ታደሰ ዞሩ። «ባልደራስ ተማሪውን ሲያመሰግን ግን ዛሬ ገና አየሁ! እኔን አባቴ ግልቢያ ያስተማሩኝ በአለንጋ ነው። ስወድቅ ይገርፉኛል፣ ስነሣ ይገርፉኛል። ይኸው ሰው ሆንሁ።»

«መሆንዎንስ ሆነዋል። ግን ግራዝማች፣ ያን ጊዜ ወደ ፈረሱ ሲሄዱ የሚያስቡት ስለ ፈረሱ ነበር ወይስ ስለ አለንጋው?»

እውነቱን ለመናገር ግራዝማች ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት የአለንጋውን ድምፅ ብቻ ነበር።

«የፈራ ሰው ይጠነክራል» አለ ታደሰ፤ «ጉልበቱ ይጨብጣል፣ እጁ ይጎትታል። ፈረሱም የተቀመጠበትን ሰው ፍርሃት በጀርባው ይሰማዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን አረጋጋለሁ፤ ሰውየው ፈረሱን ያረጋጋል። አንድ ነገር በትክክል በሠሩ ቁጥር እነግራቸዋለሁ፤ ሲሳሳቱ እንደገና እንሞክራለን። ቀስ በቀስ ፈረሱ በጭን ብቻ ይዞራል፣ ወደ ጎን ይራመዳል፣ በጣት ጭብጥ ብቻ ይቆማል።»

«ወደ ጎን? እንደ ሸርጣን?»

«እንደሚጨፍር የሙሽራ ሚዜ» አለ በድሪ ከዛፉ ሥር። በድሪ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው የገበያ ነውና ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ ግራዝማች ግን ከብዙዎች «እርስዎ» ይልቅ የበድሪን «አንተ» ይወዱታል። «ወላሂ ግራዝማች፣ የኔን ፈረስ ብታየው ትገረማለህ። ድሮ ጀርባው ቁስል ነበር፤ እኔ ጠማማ ስቀመጥ እሱ ይቆስላል። አሁን ቀና ብዬ እቀመጣለሁ፣ ቁስሉም ዳነ።»

ታደሰ ይህን ጊዜ መብረቅን ቀስ ብሎ ዞረው። ዓይኑን አየ፣ አፉን አየ፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የመስቀሉን ነገር ሰምቻለሁ። ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልበል?» አለ።

«በል።»

«መብረቅ ጎበዝ ተማሪ ነው። ድንኳን ባየ ቁጥር አፉን ያመዋል፤ ካልቆመ ሕመሙ አይለቀውም። ይህንን ስንት በዓል ተምሯል! አሁን ሕመሙ ሳይመጣበት ቀድሞ ይቆማል። አልከዳዎትም ግራዝማች። ያስተማሩትን አስታወሰ እንጂ።»

የግራዝማች ፊት በርበሬ መሰለ። ፈረሴን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው? እኔ አባ መብረቅ? ዛቡን ወረወሩለት።

«ወሬ አታብዛ! ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው! ውጣበትና አሳየኝ!»

«እኔ ብወጣበት እርስዎን ምን ይጠቅምዎታል?» አለ ታደሰ ፈገግ ብሎ። «ይልቅ እርስዎ ትንሽ ፈረስ ይሁኑልኝ።»

ሳህሊቱ አፏን በእጇ ያዘች። በድሪ «ያ ረቢ!» አለ። ግራዝማች ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ፤ የሚማቱ መሰለ። ግን ጥምቀት ትዝ አላቸው፤ ባለጋሪዎቹም ትዝ አሏቸው። ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ።

«እንዴት ነው ፈረስ የሚኮነው?» አሉ በደረቁ።

ታደሰ ከበድሪ ፈረስ ላይ ልጓሙን አወለቀና ብረቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዲይዙ ሰጣቸው። ዓይናቸውን አስጨፈናቸው። ዛቡን ከኋላቸው ለበድሪ አስያዘው። «በድሪ፣ ጋላቢው አንተ ነህ። ግራዝማች እንደሚጋልቡት አድርገህ ጋልብ» አለው።

«አፍራለሁ እኮ!»

«ያዝ እንጂ ሰውዬ!» አሉ ግራዝማች። «ወንድ አይደለህም?»

በድሪ ነጠቅ አደረገ። የግራዝማች እጆች ወደ ኋላ ሄዱ፣ አንገታቸው ተነቀነቀ፣ ሊወድቁ ደረሱ። ተራመዱ፤ ደግሞ ነጠቃቸው። ቆሙ፤ ቆመውም ነጠቃቸው። ከዚያ በድሪ ምንም ሳያደርግ ገና ሲያስነጥስ ግራዝማች ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፤ ጥርሳቸውን ነከሱና በበድሪ ቋንቋ ጭምር ጮኹ፦

«ኧረ ቀስ በል! ሱታ! ሱታ! መች እምቢ አልኩህ!»

ድምፃቸውን ራሳቸው ሰሙት። ዓይናቸውን ገልጠው ወደ መብረቅ አዩ፤ መብረቅም ጆሮውን አቁሞ ያያቸው ነበር።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ይህን ጊዜ ስብከቱን ባንቆረቆረው። ታደሰ ግን ዛቡን ከበድሪ ተቀበለና፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልሞክር» አለ ብቻ። ግራዝማች ጨፍነው ሄዱ። ትንሽ እንደሄዱ ቆሙ። ለምን እንደቆሙ አላወቁም፤ ዛቡ አልተጎተተም፣ ጣቶቹ ብቻ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው ጨበጥ ብለው ነበር። ጣቶቹ ሲለቁ እግራቸው ራሱ ተነሣ። ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ በመጨረሻ እየሳቁ በሶምሶማ ሮጡ፤ ያን ያበጠ ጉልበታቸውን ረስተውት!

«ይኼ ልጅ እጁ ያወራል እኮ!» አሉ እያለከለኩ። «በድሪ፣ እጁ ይናገራል!»

ከዚያ ወደ መብረቅ ሄደው ከንፈሩን ገልጠው አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው አዩት። ድዱ ላይ ያረጀ ጠባሳ፣ ከጠባሳው በላይ ሌላ ጠባሳ። ግንባራቸውን ከፈረሱ ግንባር ጋር አጋጥመው አለቀሱ፤ አላፈሩበትምም። «እኔ ወኔው ነው እል ነበር» አሉ። «ለካ ስትለምነኝ ነው የኖርከው።»

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አባ መብረቅ ተማሪ ሆኑ፤ መጥፎ ተማሪም ነበሩ። እጃቸው ሳያዙት ይነጥቃል፣ ከዚያ ለፈረሱ «ይቅር በለኝ» ይላሉ። የከተማው ብረት ቀጥቃጭ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ልጓም ሠራላቸው። ከሜዳው ዳር አሮጌ ሸራ ወጥረው ድንኳን አቆሙ፤ በድሪ ኩታውን ተጀቡኖ እንደ ደጃዝማች ይቀመጥበታል፣ ሹመቱም በጣም ተስማምቶታል። መብረቅ ድንኳኑ አጠገብ በአራት እግሩ ቆሞ በተገኘ ቁጥር ደጃዝማች በድሪ ከመዳፋቸው ገብስ ያበሉታል። አንድ ቀን ግራዝማች ሳይነጥቁ ሲያቆሙት ታደሰ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ፣ «አበጁ ግራዝማች! አበጁ!» ብሎ ጮኸ። ግራዝማች ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። በግልቢያ ዘመናቸው ሁሉ ይህን ቃል ከአስተማሪ አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። ከተማው ነጭ ለብሶ ወጣ፣ ከበሮው ይመታል፣ ፈረሰኛው ይጎርፋል። አይናዲስ ከሕዝቡ ፊት ቆማ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች። ድንኳኑ ሲታይ የመብረቅ ጆሮዎች ቆሙ፤ አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ። የግራዝማች እጅም፣ ያ አሮጌ ልማደኛ እጅ፣ ሊነጥቅ ተነሣ! ሕዝቡ «አባ መብረቅ! አቁመው! አቁመው!» ይላል። ይህን ጊዜ እምቢ ሊል የሚገባው ፈረሱ ሳይሆን እሳቸው እንደሆኑ ገባቸው። ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትከሻቸውን ለቀቁ። ጣታቸውን ጨበጥ አደረጉና፣ «ሱታ፣ ወንድሜ» አሉት።

መብረቅ ከድንኳኑ ፊት በአራት እግሩ ቆመ። አረፋው ነጭ ነበር። ከዚያ የግራዝማች ጭን ነካ ሲያደርገው እግሩን በእግሩ ላይ እያሻገረ፣ አንገቱን ደገን አድርጎ፣ በድንኳኑ ፊት ወደ ጎን ተራመደ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቀው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። ከመካከል አንድ ቀልደኛ፣

«ግራዝማች! ፈረሱ ታመመ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አልታመመም!» አሉ ግራዝማች፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። «ተማረ!»

እልልታውን የጀመረችው አይናዲስ ናት። ከዚያ ማን ያቁመው!

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ጥቅም በወሬ ሳይሆን በሥራ ታየ። ሳህሊቱ በዚያው ዓመት ወደ ቦኬ ስትጠራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች፤ እናትም ልጅም ተርፈዋል። የበድሪ ፈረስ የመቻራን ጭቃ ያለ ቁስል ተመላለሰበት። ጎረምሶቹም ፈረስ ማድማት ጀግንነት መሆኑ ቀርቶ ነውር ሆነባቸው። ሰውም እንስሳም ከአለንጋ ይልቅ «አበጀህ» በምትል ቃል እንደሚማር ያልተቀበለ ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ወደ ሜዳው ይውረድ።

በጥምቀት ማግስት ግራዝማች መብረቅን ሲያሹ አይናዲስ መጣች። አፍራ ደጃፉ ላይ ቆየች።

«አባባ፣ መሸጡን ተውኩት» አለች። «ደግሞ… ሳህሊቱን አየኋትና… ቅዳሜ እኔም ልምጣ?»

ግራዝማች ፊታቸው በራ። ለስላሳውን ልጓም ከግድግዳው አወረዱና ብረቱን በሁለት እጇ አስያዟት።

«ነይ እንጂ ልጄ» አሏት። «መጀመሪያ ግን ጨፍኚ። ፈረሱ አንቺ ነሽ።»