ዘይቱ እላይ እስኪደርስ

በእኛ ጊዜ፣ ሞባይል ገና በሁሉም እጅ ሳይገባ፣ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው፣ እዚህ ኬንያ ሞያሌ መካኒክ ቢባል ሁለት ሦስት ሰው ነበርን፤ ከሀገር ተሰድጄ መጥቼ በዚህ ሙያ እንጀራዬን የበላሁ እኔ አንዱ ነኝ። ሰው ሁሉ «ፉንዲ» ነው የሚለኝ፣ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው፣ ስሜን ማን ያውቃል። እና አንድ ጠዋት ሐጂ አደም የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ያቺን አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘራቸውን ዘይት ላስቀይር ብለው አመጡልኝ። ታዲያ አሮጌውን ዘይት አፍስሼ፣ ፊልትሮውን ፈትቼ፣ መኪናዋ ሆዷ ባዶ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ጉዮ ይባላል፣ ዳበል ከሚባል መንደር የመጣ ቦረና ነው።

«መኪና! ማሎ፣ እባካችሁ፣ መኪና!»

ምን ሆነሃል ስንለው፣ ሚስቱ ዳኪ ልትወልድ እዚህ እህቷ ቤት መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣለች፣ አዋላጇ ደግሞ «ይሄ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም፣ ኦፕራሲዮን ነው፣ ሶሎሎ ሆስፒታል አድርሳት» ብላዋለች። ሐጂም ወዲያው «ሂድ አምጣት፣ እኔው ራሴ እነዳለሁ!» አሉት። ሰውዬው ሮጠ። እኔ አዲሱን ፊልትሮ መጀመሪያ በዘይት ሞላሁት፣ ገጠምኩት፣ ከላይ ዘይቱን ጨመርኩ፣ ልኩን አየሁ። ይሄን ስጨርስ ዳኪን በፍራሽ ተሸክመው አመጧት፣ ከኋላ አስተኟት።

ሐጂ መሪው ላይ ወጥተው ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ «ይቆዩ!» አልኳቸው። ትሰሙኛላችሁ፣ ልጆቼ? አዲስ ዘይት ስትጨምሩ ዘይቱ ታች ነው ያለው፣ ላይኛው ብረት ደርቆ ነው የሚጠብቃችሁ፤ በዚያው አስነስታችሁ ነዳጅ ከሰጣችሁት ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ከዚያ በፊት የጓደኛዬን ፒክአፕ ዘይት ቀይሬ፣ ወዲያው አስነስቼ እንደ ጎረምሳ ነዳጅ ረግጬበት፣ ሞተሩ በረሃ መሀል ነክሶ፣ ብረቱ ተጣብቆ ቀረና ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠምቶት ዋለ። በእኔ ጥፋት።

እና ላንድክሩዘሯ ናፍጣ የሚዘጋ ገመድ ነበራት፣ ሞተር የሚጠፋበት። እሱን በበሩ በኩል ስቤ ያዝኩና «አሁን ያዙሩ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም» አልኳቸው። እህ እህ እህ እህ ይላል። «ይልቀቁ፣ ትንሽ ይረፍ። እንደገና!» እህ እህ እህ። የዘይት ግፊት የሚያሳየው ቀስት ግን ተኝቷል፣ ንቅንቅ የለም።

ጉዮ ጮኸ። «አይነሳም! ሞቷል! ሚስቴን የሞተ መኪና ላይ ጫናችኋት!» ብሎ ዘሎ እጄን ያዘኝ፣ ገመዱን ሊያስለቅቀኝ። ሐጂም «አንተ ሰው አላህን ፍራ፣ ሴትዮዋ እኮ እየሞተች ነው!» አሉኝ። «መንገድ ላይ ከሚቆም እዚህ ይዘግይ፣ አንድ ደቂቃ ስጡኝ» አልኩ፣ ድምፄ ግን የለማኝ ድምፅ ነበር። ይኼኔ ዳኪ ከኋላ፣ በዚያ ሁሉ ምጥ ውስጥ ሆና፣ «ዲሲ፣ ጉዮ» አለች፣ ተወው ማለቷ ነው። «ሰውዬው ሥራውን ይሥራ።»

እጄን ለቀቀኝ። ሐጂ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዞሩ ቀስቱ ብድግ አለ፣ እኔም ገመዱን ለቀቅኩ፣ ሞተሩ ተነሳ። «እንዳይረግጡ! ዝም ብሎ ይዙር!» ብዬ ከሥር ገብቼ ዘይት እንደማያፈስ አየሁና «ይሂዱ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለው!» አልኳቸው።

ታዲያ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆምስ? ደግሞ እኔ ባቆምኳቸው ደቂቃ ሴትዮዋ ብትሞትስ? ከሶሎሎ የሚመጣ ጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ እጠይቃለሁ፣ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ሐጂ በዚያችው መኪና ጡሩምባ እየነፉ መጡ። «ሴት ልጅ! እናትየዋም ደህና ናት!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐኪሙ ግን ‹ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…› ብሏል» አሉኝ። እዚያው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ትክክል ነበርኩ ብዬ ደረቴን አልነፋሁም፣ እስከ ዛሬም አልነፋሁም።

ጉዮ ከሳምንታት በኋላ የግመል ወተት ይዞ መጣ። «ፉንዲ፣ ያን ቀን እጅህን ልሰብረው ነበር፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። «ምን አጠፋህ? እንደዚያ ባትጮህ ነበር የማዝንብህ» አልኩት፣ ወተቱንም አብረን ጠጣን።

ምን አልሽ ልጄ? «የራስዎ ሚስት ብትሆን ኖሮስ?» ነው ያልሽው? ሃ ሃ ሃ! እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ መካኒክ ሞተሩን ሲጠብቅ፣ እኔ እጁን ይዤ እየጮህኩ ነበር የምገኘው!